ልጆቻችንን ወንጌል ወደ መጣበት መንገድ እንውሰድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱ ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እራት ላይ «አባዬ፣ የእኛ እምነት ከፈረንጅ የመጣ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ጓደኛው «መጤ ሃይማኖት» ብሎት ኖሯል። ይህ ልጅ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ በቃሉ ይተርካል፤ የሐዋርያው ጳውሎስን ጉዞዎች በካርታ ላይ ያሳያል። ተወልዶ ያደገውም እዚሁ ነቀምት ነው። ወንጌል ወደ አያቱ ቤት በማን እጅ እንደ ደረሰ ግን አያውቅም ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የእኛ ነው።

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ እግዚአብሔር ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲያነሡ አዘዛቸው (ኢያሱ 4)። ድንጋዮቹ ለጌጥ አልነበሩም፤ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነበር። ልብ እንበል፤ ልጁ የሚጠይቀው ድንጋዩን ሲያይ ነው። እኛ ግን ልጆቻችንን ድንጋዩ ወዳለበት ሳንወስድ «የዘመኑ ልጅ ስለ ምንም አይጠይቅም» እያልን እናማርራለን።

በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ፣ መንገዱም ደኅና ስለ ነበር፣ ጭኮ ሰንቀን ተነሣን። የጀመርነው ግን በእግራችን፣ ከዚሁ ከነቀምት ነው። የወለጋን ሙዚየም አየን፤ ወደ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ግቢም ሄድን። ደጃዝማቹ እ.ኤ.አ. በ1904 አንድ እንግዳ በደስታ ተቀብለው ነበር፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው።

ለልጆቻችን ታሪኩን እዚያው ነገርናቸው። ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም «ተርጓሚ» ማለት ነው። ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው ተነጥቀው ለባርነት ተሸጡ፤ እጅ በእጅ ሲተላለፉ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1872 ተጠመቁ። ወደ ወገኖቻቸው ለመመለስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረው መንገዱ ተዘጋባቸው። በዚህ ጊዜ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎሙ። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ለሥራው የሚያስፈልገውን ብዙ ሺህ ቃላት በመሰብሰብ የረዳቻቸው አስቴር ጋኖ ናት፤ እርስዋም በባርነት የተጋዘች፣ በኋላም ነፃ የወጣች ወጣት ነበረች። አስቴር ወደ ነቀምት መጥታ ልጆችን ስታስተምር ኖረች፤ ያረፈችው በ1964 ነው።

ይህን ስንናገር ትንሿ ልጃችን «የተሸጡ ሰዎች ናቸው መጽሐፍ ቅዱሱን የሠሩልን?» አለች። አዎን፣ እነርሱ ናቸው። ሰው እንደ ዕቃ የሸጣቸውን፣ ጌታ ቃሉን ለአንድ ሕዝብ እንዲያደርሱ አደራ ሰጣቸው።

ከዚያ በጊምቢ አድርገን ወደ ቦጂ ተሻገርን። ቀሺ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከኦኔሲሞስ ቀድመው፣ በ1898 ከሰሜን ተነሥተው ወንጌልን ይዘው የደረሱት ቦጂ ነው። ቋንቋውም አገሩም የእነርሱ አልነበረም። ዛሬ ብሔር ከብሔር በሚጠራጠርበት ዘመን፣ ከሰሜን የመጣ ሰው ለወለጋ ሕዝብ ዕድሜውን እንደ ሰጠ ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል። ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1929 የተወለዱት በዚያው በቦጂ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ከአገር ለመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ፤ በሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው ጠፍቶ ይለምኑ የነበሩትን፣ በኋላ ግን የብዙዎች እረኛ የሆኑትን የቄስ ጊዳዳ ሶለንን ታሪክ ያገኛል።

እንግዲህ ለልጃችን ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው? እውነቱን እንናገር። ስዊድኖች አስተምረዋል፤ ጀርመኖች በአይራ፣ አሜሪካውያን በደምቢ ዶሎ ደክመዋል። ውለታቸውን አንክድም። ነገር ግን ቃሉን በአያቶቻችን አፍ ያኖሩት፣ ዋጋም የከፈሉበት፣ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ይህን የማያውቅ ልጅ «መጤ» በተባለ ቁጥር ያፍራል፤ ወይም በቁጣ ይመልሳል። የሚያውቅ ልጅ ግን በፍቅር ይመልሳል።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ እነዚህን አባቶችና እናቶች እንደ ጣዖት አናቁማቸው፤ የዘር መኩሪያም አናድርጋቸው። እነርሱ ያሳዩን ክርስቶስን ነውና። ሁለተኛ፣ የልጆቻችንን ሕይወት አደጋ ላይ አንጣል። የወለጋ መንገድ በእነዚህ ዓመታት የብዙዎችን እንባ አይቷል፤ ገና ያልጠገገ ቁስል ያለባቸው ቤቶች አሉ። በአካባቢው ያሉትን ወገኖች ሳንጠይቅ አንነሣ። መንገዱ ካልተመቸ ባለንበት ከተማ በእግር እንጀምር። በየአጥቢያው ታሪኩን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን አሉ፤ ሳያልፉ ልጆቻችንን ይዘን ከእግራቸው ሥር እንቀመጥ። ሰላሙ እንዲመለስም ከልጆቻችን ጋር እንጸልይ።

ለዚህ ጉዞ የግል መኪና አያስፈልግም። ከመነሣታችን በፊት ሦስት ስሞች እናስጠናቸው፤ በየደረስንበት አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ አጭር ጸሎት ይጸልዩ። ስብከት አናብዛባቸው።

በመጨረሻው ቀን አያታቸው ቤት ደረስን። አንጮቴ ቀረበልን። ከበላን በኋላ ያ ጠያቂ ልጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ «አያቴ፣ መጽሐፍ ቅዱስሽን አሳዪኝ» አለ። ጠርዙ ያለቀውን መጽሐፍ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብሎ ያገላብጠው ነበር። የልጆቻችሁም ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ ያግኝ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።