ሞቅ ያለው ቆርቆሮው ነው

«በገዛ ቤቴ ምን አገባህ?» ድምፅ ቀንስ የተባለ ሰው ቀድሞ የሚመዛት ሰይፍ ይቺ ናት። ለመሆኑ አዳሚ ቱሉ ውስጥ ቤት የሚያበቃው የት ላይ ነው? የስምጥ ሸለቆው ሙቀት በርና መስኮት አያዘጋም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የሌለውም ሞልቷል። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ ግድግዳ ተጋርቶ ያድራል። እዚህ ቤዝ የጫነ ሰው ሙዚቃ የከፈተው ለግቢው ሁሉ ነው፤ ኪራዩን ግን የከፈለው ለአንድ ክፍል ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ በዘፈኑ ላይ የሚፈጸመው በደል ነው። የድምፃዊ ዓሊ ቢራን ኡድ በአንዲት ትንሽ ስፒከር እስከ ጥግ ተከፍቶ ሰምቼዋለሁ። ክሩ የቱ ጋ እንደተመታ አይለይም፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ቁም ሣጥን ላይ የተደረደረው ብርጭቆ ግን ጥርት ብሎ ይንጫጫል። ባለቤቱ «ሞቅ አለ!» ይላል። የሞቀው ቆርቆሮው ነው።

«ታዲያ እንደ ሹክሹክታ እንስማው?» የሚለኝ ሰው ግማሽ እውነት አለው። ድምፅ ሲቀነስ ከጆሯችን ቀድሞ የሚጠፋው ወፍራሙ ነው፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ይህንን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው አሳይተዋል። ከመጠን በላይ የተቀነሰ ዘፈን የሚሳሳብን ለዚህ ነው። ቢሆንም ስፒከሩን ከመስኮቱ አንስቶ ወደ ተቀመጡበት ማስጠጋት ሲቻል ሰፈሩን ማናወጥ ምን ይሉታል?

ሕጉማ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ድምፅም ከብክለት ይቆጠራል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ተራ ጨዋታ እንኳ ወደ 60 ይጠጋል። ግን ማን መለኪያ ይዞ ግቢ ለግቢ ይዞራል?

እኔ ግን የራሴ ሁለት መለኪያ አለኝ። አጠገቤ ያለ ሰው ሳይጮህ «ቡናው ፈላ» ቢለኝ መስማት አለብኝ፤ ይህ ለውስጥ ነው። ለውጪው ደግሞ ዛሬ ማታ የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ከአጥሩ ማዶ ሄዳችሁ ቁሙ። ግጥሙ ቃል በቃል ከተሰማችሁ ግቡና ቀንሱት።