ባዶ ነው የተባለው መሬት

በየስብሰባው፣ በየመግለጫው፣ ይባስ ብሎም በየመድረኩ ግጥም ውስጥ «ድንግል መሬት» የሚል አባባል ሲንከባለል እንሰማለን። ቃሉ ለጆሮ ያምራል። ትርጉሙ ግን ሰው የለበትም፣ ባለቤት የለውም፣ ውሰዱት ማለት ነው። ኑሯቸውን በቃል ላይ የመሠረቱ የሙያ ጓደኞቻችን ይህን አባባል ከቢሮ ተቀብለው ሳይመረምሩ በዜማ ማስተጋባታቸው ሊወቀሱበት የሚገባ ነገር ነው።

ድንግል የተባለው የደቡብ ምዕራብ ደን በባለቤት የተሞላ ነው። በሸካ «ኮቦ» በሚባለው ሥርዓት ይህ የደን ክፍል የእገሌ ነው፣ ቀፎ የሚሰቅልበትም እርሱ ነው ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ማጃንግም ከትልልቁ ዛፍ ላይ ቀፎውን ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፤ ዛፉ ከወደቀ ንቡም ማሩም የለም። እኛ ደገኞች ግን ሥራ የምንለው ሞፈርና ቀንበር ያለበትን ብቻ ስለሆነ፣ ጫካ ገብቶ ማር ይዞ የሚወጣውን ሰው እንደ ሥራ ፈት እናየዋለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አደባባዩን የሞላው መፈክር «መሬት ለአራሹ» ነበር። ታላቅ መፈክር ነበር፤ ጭሰኛውንም ከባለመሬቱ ቀንበር አውጥቶታል። የማያርሰውስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 እንኳ አርሶ አደሩንና ዘላኑን በስማቸው ጠርቶ ከመሬታቸው እንዳይነቀሉ ሲደነግግ፣ የደኑን ባለቀፎ አልጠራውም።

ይህ ዝምታ ምን እንደሚያስከትል በ2002 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት የከፋና የያዩ ደኖች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብለው ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት በጋምቤላ ክልል፣ በጎደሬ ወረዳ፣ ከጉማሬ ደን 3,012 ሄክታር ለሻይ ተክል ይሁን ተብሎ ቬርዳንታ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ ለ50 ዓመት ተከራየ። አንዱን ደን በአንድ እጅ እየባረኩ ሌላውን በሌላ እጅ መቸርቸር ማለት ይህ ነው። ማጃንጎች ተቃወሙ፤ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ደኑ እንዲጠበቅ ደብዳቤ ጻፉ። ሆኖም ዛፉ ከመቆረጥ አልዳነም። የማጃንግ ደን በዩኔስኮ የተመዘገበው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው።

«ታዲያ አገር በምን ትደግ?» የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድህነት ቀልድ አይደለም። እኔ በምኖርበት በቤቴል ቡና የማይቆላበት ግቢ ያለ አይመስለኝም። የዚያ ቡና ዘመዶች ዛሬም በከፋና በሸካ ደን፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሰው ሳይተክላቸው ይበቅላሉ። ነገ አዲስ በሽታ ቢነሣ ወይም ሙቀቱ ቢብስ መድኃኒቱ የሚፈለገው ከእነርሱ ዘር ነው። የውጭ ምንዛሪ እናገኛለን ብሎ የምንዛሪውን እናት መቁረጥ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ነዳጅ ሲባልማ ምራቃችን ይዝረከረካል። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ቱሎው የተባለው ኩባንያ ቁፋሮ ሲጀምር ስንት ተስፋ ተወራ! ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ግን አልተገኘም። የኢኳዶር ሕዝብ በበኩሉ፣ በያሱኒ ደን ሥር መኖሩ የተረጋገጠው፣ ሲወጣ የነበረው ነዳጅ እንኳ እዚያው ይቅር ብሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድምፅ ሰጠ። ኢኳዶርም ሀብታም አገር አይደለችም።

ጥያቄያችን ለባለሥልጣን ብቻ አይደለም። ከደን የመጣ ገጸ ባሕርይ በቴአትራችን ውስጥ ለምን ሁልጊዜ ከተማ ገብቶ የሚደናበር፣ ተመልካች የሚስቅበት የዋህ ይሆናል? ባለቀፎው ውል ይዞ ከመጣው ሰው ፊት ቆሞ በራሱ ሕግና በራሱ ምክንያት የሚሟገትበት ቴአትር እስኪ ይጻፍ፤ ሳቁም ከፈለገ ወደ ውሉ ይዙር። የየመጽሔቱ አዘጋጆችም «ድንግል መሬት» የሚል ስንኝ በደረሳቸው ቁጥር ለገጣሚው ይመልሱለትና የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጽፎ እንዲያመጣ ይጠይቁት።