የአራተኞቹ ምስክርነት

የሜዳ ሆኪ እኛ ዘንድ ብዙ አይታወቅም። የገና ጨዋታን ያየ ሰው ግን አይቸገርም፤ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ ጎል ማግባት ነው። በዚህ ስፖርት ስሟ የታወቀ ራኒ ራምፓል የምትባል ሕንዳዊት አለች። የማነሣት ክርስቲያን ናት ለማለት ሳይሆን ስለ ራሳችን መድረክ የምለው ስላለኝ ነው።

ራኒ ያደገችው በሃሪያና ግዛት፣ ሻሃባድ በምትባል ከተማ ነው። አባቷ ጋሪ ይጎትት ነበር፤ እናቷ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ቤታቸው ሰዓት ስላልነበረ እናቷ ሌሊት ተነሥታ ሰማዩን እያየች ለልምምድ ትቀሰቅሳት ነበር። ተጫዋቾቹ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይዘው እንዲመጡ ሲታዘዙ፣ የእሷ ቤተሰብ አቅም 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበርና ውኃ ትጨምርበት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በ15 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በዓለም ዋንጫ ተጫወተች። ኋላም የአገሯ አምበል ሆነች።

እንዲህ ያለ ታሪክ መድረካችን ላይ ሲነገር መጨረሻውን ሁላችንም እንጠብቃለን። ወርቅ! እልልታ!

እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ቡድኗ አውስትራሊያን 1 ለ 0 አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ በአርጀንቲና ተሸነፈ። ለነሐስ ከብሪታንያ ጋር ሲጋጠም ደግሞ 4 ለ 3 ተረታ። አራተኛ። ከዚያ በኋላ ጉዳት ተከተላት፤ የ2022ቱ የዓለም ዋንጫም አለፋት። በ2024 ጫማዋን ሰቀለች።

ታዲያ የእናቷ ሌሊት ከንቱ ነበር? በእኛ የምስክርነት ልማድ ከሄድን መልሱ "አዎ" ሊሆን ነው፤ ያልተሳካለት ሰው ማይክ አይሰጠውምና። ጸልዮ ፈተና የወደቀው ወጣት በእምነቱ ማነስ የወደቀ ይመስለዋል፤ አፍሮም ከኅብረቱ ይቀራል። ይህን የብልጽግና ወንጌል ብቻ ያመጣው አይደለም፤ "ጤናማ ትምህርት አለን" የምንለውም እንዲሁ እናደርጋለን። ጳውሎስ ግን መውጊያው እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ ያንኑ ሳይደብቅ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈላቸው። ጸጋ ይበቃዋል የተባለውም እዚያው ላይ ነው።

መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የምስክርነት ፕሮግራም ሥራ ፈልጎ ያላገኘውን ወንድም፣ ልጅ ለምና ገና የምትጠብቀውን እኅት፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ወደ መድረክ ጋብዙልኝ። ሲጨርሱም መዘምራኑ ዝምታውን ለመሸፈን አይቸኩሉ።