«እስቲ አንተ ጥራው»

እንደ ወትሮው ግጥም ይዤ አልመጣሁም፤ ክስ ይዤ ነው የመጣሁት። ተከሳሾቹ አሮጌ ፖስት ካርድ ከአልበምና ከሣጥን እያወጡ የሚሸጡ ግለሰቦች ናቸው። ሱቅ የላቸውም፤ ታፔላ የላቸውም፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዋጋ የላቸውም።

«ስንት ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

«እስቲ አንተ ጥራው» ይሏችኋል።

ጠርታችሁ እንደ ሆነ ወዮላችሁ! ዝቅ ካደረጋችሁ «የአባቴን ቅርስ ናቅህ» ትባላላችሁ። ከፍ ካደረጋችሁ ሻጩ ካርዱን ወደ ደረቱ ይስበዋል፤ እናንተ ይህን ያህል ካላችሁ ሌላው እጥፉን ሳይል አይቀርም ብሎ ያስባልና። ከዚያም «ላስብበት» ይመጣል። «ላስብበት» ማለት ሁለት ወር ነው፤ ከበዛም ሦስት።

እኔ ዋጫ ከተማ፣ ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝ። በዚያ መስኮት ቁጥር የሌለው ነገር አያልፍም። ምናልባት ትዕግሥቴን ያሳጠረው ሙያዬ ይሆናል። ቢሆንም ገበያ ወጥቼ ቡናም ማርም ስገዛ ተከራክሬ አውቃለሁ፤ ክርክር አልጠላም። የማር ሻጭ ግን ማሩ ስንት እንደሆነ ይነግረኛል፤ ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ለመሆኑ አሮጌ ካርድ ለምን እንደምሰበስብ ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። ፍሬድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትርያዊ እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋን ጎብኝቶ፣ ስለ ሕዝቡ ያጠናውን በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ በጀርመንኛ አሳተመ። ስለ አያቶቼ የተጻፈውን ያን ሥራ እኔ ማንበብ አልችልም፤ ጀርመንኛ አላውቅም። ማንበብ የምችለው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀረውን ነው። ወደ ቦንጋ፣ ወደ ዋጫ ተመድበው ለመጡ መምህራንና ድሬሰሮች ወዳጆቻቸው ከአዲስ አበባ፣ ከሐረር፣ ከአስመራ የላኩላቸውን ካርድ። ፊቱ ሥዕል፣ ጀርባው የሰው እጅ። እኔ የምሻው ጀርባውን ነው።

ሻጮቹ ግን ጀርባ መኖሩን አያውቁም። አንዱ በቴሌግራም «ቤተሰብ፣ ይህ ከምኒልክ ዘመን ነው» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ብከፍተው የአፍሪካ አዳራሽ! አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ደግሞ በ1906። የአርባ ሰባት ዓመቱን ልዩነት ባስረዳው «ታዲያ አንቲክ አይደለም ልትል ነው?» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ጀርባውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ሦስት ጊዜ ለምኜው ነበር፤ አልላከም።

ሌላው ዋጋ አለው፤ ግን በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የዚያ ሰውዬ ካርዶችም ከመሳቢያቸው ሳይወጡ በእጥፍ ተወደዱ። ደመወዜ በብር መሆኑን ብነግረው አዘነልኝ። ደግሞ ሌላ አለ፤ ከውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ዋጋ እያሳየ የሚሟገት። ያ የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተከፈለ ዋጋ አለመሆኑን ማን ያስረዳው? በ2013 ዓ.ም. መስከረም ገንዘቡ ሲቀየር በገዛ እጄ እየቆጠርሁ የሰበሰብሁትን አሮጌ መቶ ብር እንኳ «ብርቅዬ» ብለው ለእኔው ሊሸጡልኝ የሚሞክሩ አሉ። ይህ ሌላ ክስ ነው፤ ይቆየን።

የቦንጋውን ልንገራችሁ።

ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት፣ መምህር የነበሩ የታላቅ ወንድማቸውን አልበም ይዘው ቀርተዋል። ከካርዶቹ አንዱ የሐረር ጀጎል በር ያለበት ነው። ገልብጬ ባየው በብዕር ቀለም የተጻፉ አራት የግጥም መስመሮች። ሁለቱን አነበብሁ፦

ደብዳቤህ ቢቀርብኝ ዝናቡን ከሰስሁት፣
ጎርፍ ነው ወይ እያልሁ መንገዱን ጠየቅሁት፤

የቦንጋን ክረምት የምታውቁ ትረዱታላችሁ። ልቤ መምታት ጀመረ።

«አባባ፣ ስንት ይሉታል?»

«እስቲ አንተ ጥራው፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ደስታዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን አጨፈገግሁ፤ ነጋዴ ነኝ አልሁ። «ተጽፎበታል እኮ፣ አባባ። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አልሁ። አዎን፣ ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ግጥም እጽፋለሁ የምለው እኔ። ዋጋ ለማስቀነስ። ሦስተኛውንና አራተኛውን መስመር አላነበብሁም፤ ሐሳቤ ሂሳቡ ላይ ነበር። እሳቸውም «ላስብበት» አሉና አልበሙን ከደኑት።

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስሁ። አዛውንቱ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ቴምብሩን የሚፈልግ ሰው ከጅማ መጥቶ ስለ ነበር ካርዱን ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ዘፍዝፈው ቴምብሩን አላቀው ሸጠውለታል። «ጽሑፉም አብሮ ለቀቀ። እንዳልኸኝ ጸድቷል፣ ልጄ» አሉኝ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ጠሩ፦ 1,500 ብር።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ «ንብረታቸው ነው፤ ቢያጥቡትስ?» አለኝ። ንብረትነቱን ማን ካደ? ከእሳቸው ይልቅ ጥፋተኛው እኔ መሆኔንም አልክድም። እኔ የምከሰው ያንን «አንተ ጥራው»ን ነው። ትሕትና ይመስላል፤ አይደለም። ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ከገዥው ፊት ላይ ሊያነብ ይፈልጋል፤ ገዥው ይህን ያውቅና ፊቱን ይደብቃል፤ የወደደውን ይነቅፋል። አንዱ ሌላውን ሲያደባ ካርዱ ይታጠባል፣ ይቀደዳል፣ ቴምብሩ በመቀስ ይቆረጣል፤ የተላከበትን ቀንና ከተማ የያዘው የፖስታ ቤት ማኅተምም አብሮ ይሄዳል። እባካችሁ ዋጋ ጥሩ! ያበደ ዋጋም ቢሆን ጥሩ። ሲበዛብኝ አዝኜ ወደ ዋጫ እመለሳለሁ፤ ካርዱ ግን ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፤ ከእኔ የሚሻል ገንዘብ ያለው አንባቢ ያገኘው ይሆናል። ስትጽፉትም በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይሁን፤ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ «500» ብሎ የጻፈም አይቻለሁ።

1,500ውን ብር ሳልከራከር ከፈልሁ። አዛውንቱ ደነገጡ፤ ጨምሬ መጠየቅ ነበረብኝ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ካርዱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ማታ ማታ መብራት ስር አግድም ይዤ አየዋለሁ። ሦስተኛው መስመር «ለካስ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ደመና ነው።