አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ጎጃም ውስጥ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን ተረት ያውቀዋል። አህያው ይራገጣል፣ ዳውላው አይራገጥም፤ ስለዚህ ዱላው የሚያርፈው በዳውላው ላይ ነው። በእኛ የስፖርት ዓለም ዳውላው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ልናገር። አሠልጣኙ ነው። አህያው ማን እንደሆነ ግን አንባቢዬ ጽሑፉን ሲጨርስ ራሱ ይፍረድ።

ሥርዓቱን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ቡድን ሦስት ጨዋታ ይሸነፋል። ተመልካች ይጮኻል። ኮሚቴ ማታ ይሰበሰባል። ጠዋት «ክለቡና አሠልጣኙ በስምምነት ተለያዩ» የሚል ዜና እንሰማለን። ስምምነት! ገፊውና ተገፊው እንዲህ ተስማምተው የሚያውቁት መቼ ነው? በሳምንቱ አዲስ ሰው የክለቡን መለያ ይዞ ፎቶግራፍ ይነሳል። ማታ የተሰበሰበው ያው ኮሚቴ ከጎኑ ቆሞ ያጨበጭባል።

እስቲ መዝገቡን እንግለጥ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትቶ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበር። በዓመቱ ይኸው ሰው ቡድኑን ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ አደረሰው፤ እዚያ በናይጄሪያ ተረታ። ጥር 2006 ላይ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆችን ብቻ ይዞ ደቡብ አፍሪካ ወደ ተዘጋጀው ቻን ሄደ። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ አንድ ግብም አላስቆጠረም። ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። የ31 ዓመት ናፍቆት የቆረጠ ሰው በሦስት ጨዋታ ተመዘነ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሰልፍ ነው። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ በ2007 ሄደ። ዮሐንስ ሣህሌ ተተካ፤ መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም. በአልጄሪያ 7 ለ 1 ተሸንፎ፣ በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ ከዚያው ቡድን ጋር 3 ለ 3 ወጣ፤ እሱም በዚያው ዓመት ተሰናበተ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ በ2013 መባቻ ደግሞ ውበቱ አባተ። ከ2006 እስከ 2013 ድረስ ሰባት ሰው! ገብረመድኅን ኃይሌ በ2016 እንደገና ተጠራ። በአንድ በር ያስወጡትን በሌላው በር ማስገባት ማለት ይህ ነው። ለመሆኑ ሰውየው በመካከሉ አዲስ ኳስ ተምሮ መጣ ወይስ ጠሪዎቹ የሚፈልጉትን አያውቁም?

«አሠልጣኝ ውጤት ካላመጣ ይሂድ» የሚል ሰው አለ። መልካም። ግን ውጤት የሚበላሸው ሜዳ ላይ ብቻ ነውን? ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካንም በተመሳሳይ ውጤት ረትተን ምድባችንን ጨረስን ብለን ጨፈርን። ጭፈራው ሳያልቅ መርዶ መጣ። ምንያህል ተሾመ በካርድ ቅጣት ምክንያት በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ለቦትስዋና ሰጠ። ልጆቹ ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ድረስ ሄደው መካከለኛው አፍሪካን በማሸነፍ፣ በእግራቸው ያመጡትንና በወረቀት የተቀሙትን ሁለተኛ ጊዜ አመጡት። ያ ነጥብ የተጣለው ሜዳ ላይ ሳይሆን ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ፋይል መካከል ነው።

ሌላም ልጨምር። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የአብርሃም መብራቱ ቡድን ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲረታ ጎጃም ሙሉ አብሮ ዘለለ። ዓመቱ ሲያልቅ የአብርሃም ውል አልታደሰም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስታዲየሙም የካፍን መስፈርት አላሟላም ተባለና ተዘጋብን። ስለዚህ የውበቱ አባተ ቡድን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በአገሩ ሳይሆን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ድል ለራሱ ሕዝብ ማሳየት ያልቻለ ቡድን ምን ይባላል? የመልበሻ ቤት ውኃና የሜዳ ሣር የአሠልጣኝ ሥራ አይደለም። የሚባረረው ግን አሠልጣኙ ነው።

አሁን ወደ ተጫዋቹ ልምጣ፤ በሽታው የሚብሰው እዚህ ነውና። ተጫዋች ሞኝ አይደለም። አሠልጣኝ መንገደኛ መሆኑን ካየ መንገደኛን አይታዘዝም። እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ አካባቢ ስሙን የማልጠራውን አንድ ቡድን ለረጅም ጊዜ ተከታትያለሁ። ወጣቱ አሠልጣኝ ልምምድ ላይ አርፍዶ የሚመጣውን ኮከብ ተጫዋች ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ኮከቡ ከኮሚቴው ለአንዱ ደወለ። በሁለተኛው ሳምንት ኮከቡ ሜዳ ውስጥ ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት አሠልጣኙ አውቶቡስ ተራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀሩት ልጆች እውነተኛው አሠልጣኝ ማን እንደሆነ አወቁ፤ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ነው።

በተጫዋቹ ብቻ ግን አልፈርድም። ደመወዙ ወር ሲያልፈው፣ ቃል የተገባለት ሲካድ፣ የከዳውን ሰው አያገኘውም፤ ቢሮው ዝግ ነው። በየቀኑ የሚያገኘው አሠልጣኙን ነው። ብሶቱን እዚያ ይወጣዋል። እኛም ከዳር ሆነን «ተጫዋቾቹና አሠልጣኙ ተጣሉ» እንላለን። ያጣላቸውን አናይም።

ይህ የድሃ አገር ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካኑን የቅርጫት ኳስ ክለብ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣቱ ኮከብ ክሪስ ዌበር ከአሠልጣኙ ከዶን ኔልሰን ጋር ተጣላ። ዌበር ተሸጠ፤ ብዙ ሳይቆይ ኔልሰንም ሄደ። በታኅሣሥ 1997 ደግሞ ላትረል ስፕሪዌል አሠልጣኙን ፒ. ጄ. ካርሌሲሞን ልምምድ ላይ አንገቱን አነቀው፤ ለ68 ጨዋታ ታገደ። ካርሌሲሞም በ1999 ተባረረ። ክለቡ በእነዚያ ዓመታት ጊዜያዊዎቹን ጨምሮ ስምንት አሠልጣኝ ለዋወጠ፤ 12 ተከታታይ የውድድር ዘመን ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ። በ2006 ማንን ጠራ? ያንኑ ዶን ኔልሰንን! እሱም በዓመቱ ጥሎ ማለፉ ውስጥ አስገባቸው። ስምንቱ ሲመጡና ሲሄዱ ያልተቀየረ አንድ ሰው ነበር፤ ባለቤቱ ክሪስ ኮሃን። ክለቡ በ2010 ተሸጠ። ከ2014 ጀምሮ ስቲቭ ከር በያዘው ዘመን ግን አራት ዋንጫ ወሰደ።

«የባሕር ዳር ከተማስ?» ብሎ የሚሞግተኝ እንዳለ አውቃለሁ። በ2011 ፕሪሚየር ሊግ ከገባ በኋላ ጳውሎስ ጌታቸውን፣ ፋሲል ተካልኝን፣ አብርሃም መብራቱን አፈራርቆ፣ በደግአረገ ይግዛው በ2015 ሁለተኛ ወጣ፤ እንግዲህ መቀየር ሠራ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ደግአረገን በቀጣዩ ዓመት ባይዙት ኖሮ ያ ውጤት የአንድ ክረምት ዝናብ ሆኖ ይቀር ነበር። መቀየር አንዳንዴ ግድ ነው። ቀይሮ መታገስ ግን ሙያ ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፍ ለመዝራት ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ ይገለብጣል፤ በየእርሻው መካከል ግን አራሹን አያባርርም። ማረሻው ከዶለዶመ ማረሻውን ያስላል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የአሠልጣኝ ውል ጊዜው እስኪያልቅ ይከበር። ኮሚቴ ከተጫዋች ጋር ከአሠልጣኝ ጀርባ በስልክ መነጋገሩን ይተው። የተጫዋች ደመወዝ በቀኑ ይከፈል። ቡድን ሲወድቅ ተጫዋች የቀጠረው፣ በጀት ያዘገየው፣ ካርድ ያልቆጠረው ሰው ሁሉ ከአሠልጣኙ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠየቅ።

እናንተም፣ አንባቢዎቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «በስምምነት ተለያዩ» የሚል ዜና ስትሰሙ ዝም አትበሉ። የስንብቱን ደብዳቤ የፈረመው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ከእሱ በፊት የነበረውን አሠልጣኝ ያሰናበተውስ? ምናልባት ፊርማው አንድ ሆኖ ታገኙት ይሆናል።