ወርክስፔሱ የቢሮው ነው ወይስ የሠሪው?

አንድ አማካሪ ቢሮ ለሠራተኞቹ በሙሉ አንድ ዓይነት የአውቶካድ ወርክስፔስ አዘጋጅቶ ያድል ወይስ እያንዳንዱ እንደ እጁ ያዘጋጅ? «ያድል» የሚሉት ለብዙ ዓመታት ድራፍቲንግ ክፍል የመሩ አርክቴክት ናቸው። «አይሆንም» የምትለው የስትራክቸር መሐንዲስ ናት። ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራሉ፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ሙግቱ በዚህ ጨዋነት አያልቅም ነበር።

ይጋራ

የማስረከቢያ ዋዜማ ነው እንበል። የፋውንዴሽን ፕላኑን የያዘው ልጅ ታሞ ቀርቷል። ፋይሉ አለ፣ ማሽኑም አለ፤ ባልደረባው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሊጨርስለት ይሞክራል። ሪባኑ የለም። ኮማንድ ላይኑ ከታች ተነስቶ አናት ላይ ተለጥፏል። ክብ ሊስል «ሲ» ብሎ ኢንተር ሲመታ አውቶካዱ ኦብጀክት እንዲመርጥ ይጠይቀዋል፤ ለካ ባለማሽኑ «ሲ»ን ለኮፒ አድርጎታል። የብሎኮቹ ፓሌት የት እንደተሸሸገ የሚያውቀው አልጋ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስልክ ይደወላል፤ በትኩሳት የሚያቃስት ሰው «በስተግራ ጠርዝ ላይ ማውሱን ጠጋ አድርገው፣ ብቅ ይላል» እያለ ያስረዳል። ይህ ያልደረሰበት የድራፍቲንግ ክፍል ኃላፊ ካለ እጁን ያውጣ።

መላው እኮ ድሮ ተገኝቷል። ከአውቶካድ 2006 ጀምሮ የትኛው ቱልባር፣ የትኛው ፓሌት፣ የት ቦታ ይቀመጥ የሚለውን ሁሉ አስተካክሎ በስም ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወርክስፔስ የተባለው እሱ ነው። የሚቀመጥበት ፋይል ከአውቶካድ 2010 ወዲህ ሲዩአይኤክስ ይባላል። ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ፕሮግራሙ ለዚህ ፋይል ሁለት ቦታ ማዘጋጀቱን ነው። አንደኛው ዋናው ነው፤ በየሰው ማሽን ይቀመጣል፣ ባለቤቱም እንደልቡ ይነካካዋል። ሁለተኛው ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ነው። እሱን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ አድራሻውን መስጠት ብቻ ነው፤ ሁሉም ያነበዋል፣ ማንም ከማሽኑ ተነስቶ አያበላሸውም። ይህን ያሰቡ ሰዎች የቢሮን ጠባይ የሚያውቁ ናቸው።

ካልተጋራ ምን እንደሚሆን አይተናል። በአውቶካድ 2009 ሪባን ሲመጣ አንጋፋዎቹ አኩርፈው ወደ ክላሲኩ ገጽ ተመለሱ። በአውቶካድ 2015 አምራቹ አውቶዴስክ ክላሲኩን ጭራሽ ከዝርዝሩ አወጣው። ፋይላቸውን በወጉ ያስቀመጡ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አሻገሩት፤ ያላስቀመጡት ቱልባሮቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ ዳግም ሲገነቡ ከረሙ። ሌላው ደግሞ ፎርማት ነው። የየሰው ሲዩአይኤክስ የሚቀመጠው ዊንዶውስ በሚደብቀው የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ነው። አይቲው «ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያለውን ገልብጬልሃለሁ» ብሎ ፎርማት ሲያደርገው የዓመታት ቅንብር አብሮ ይጠፋል። ሰውየው ለሳምንት ያህል ሥራ የለመደ አይመስልም፤ ደመወዙ ግን ያው ነው።

አዲስ ተመራቂ ሲመጣም እንዲሁ። ከጎኑ ያለው ባልደረባ «ከሪባኑ ላይ ሦስተኛው» ሲለው ሦስተኛው ያው ሦስተኛው መሆን አለበት። ካልሆነ ማስተማር የለም፤ መፋጠጥ ነው።

አይጋራ

ጋሼ የማስረከቢያውን ሌሊት በደንብ ሳሉት። ግን እዚያው ታሪካቸው ውስጥ የገባ አንድ ነገር ሙግታቸውን ያፈርሰዋል። «ሲ» ኮፒ የሆነው በወርክስፔሱ ምክንያት አይደለም። የትዕዛዝ ምህጻሮች ያሉት ኤካድ ፒጂፒ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። እርስዎ የሚሉትን ወርክስፔስ በየማሽኑ ቢያድሉ፣ ሪባኑና ፓሌቱ ቦታቸውን ይዘው ልጁ «ሲ» ሲመታ አሁንም ኮፒ ይመጣበታል። ያን ሌሊት ከሁሉ በላይ ያሰናከለው ደግሞ እሱ ነው፤ የተደበቀ ፓሌት ኮንትሮል ሦስት ሲሉት ይመጣል፣ ፕሮፐርቲስም በኮንትሮል አንድ።

አውቶካድን ቶሎ የሚሠራ ሰው ግራ እጁን ተመልከቱት። ኤል፣ ቲአር፣ ኦ፣ ኤክስ እያለ ይጽፋል፤ ማውሱ ከስዕሉ ላይ አይነሳም። ሪባን የሚፈልገው አንዳንዴ ነው። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ያሉ ሰዎች የሚግባቡበት ቋንቋ የሚጻፈው ትዕዛዝ ነው። ገጹ የሌላ ሰው መነጽር ነው፤ ለባለቤቱ ያጠራል፣ ለተዋሰው ያዞራል።

ደግሞስ አሠሪው የሚቀበለው ምንድነው? ድሮዊንጉን ነው። እዚያ ላይ ሌየሩ በስምምነት ካልተሰየመ፣ የፕሎት ቀለሙን ወደ ውፍረት የሚለውጠው ሲቲቢ ከሰው ሰው ከተለያየ፣ ታይትል ብሎኩ አንዱ ጋ ሌላ ከሆነ፣ ቢሮው በአደባባይ ይዋረዳል። እነዚህ ይመሳሰሉ ቢባል እኔ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። ፓሌቴ በግራ ይሁን በቀኝ ግን ድሮዊንጉ ውስጥ አይገባም፤ የሚያውቀውም የለም።

ሥራችንም ስክሪናችንም አንድ አይደለም። እኔ ቀኑን ሙሉ ብረት ስዘረዝር እውላለሁ፤ የምፈልገው የጽሑፍና የልኬት ነገር ነው። አርክቴክቱ ብሎክና ሃች ይፈልጋል። ሳኒታሪው ሌላ። በሁለት ሞኒተር የተቀናበረ ወርክስፔስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ደግሞ በሁለተኛው ስክሪን ላይ የነበረው ፓሌት ከዓይን ውጭ ሊቀር ይችላል፤ ፕሮግራሙ «ተከፍቷል» ይላል፣ አንተ ግን አታየውም። ሳይት ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

የቀረው ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። እኛ አገር «ላክልኝ» ማለት ቴሌግራም ወይም ፍላሽ ማለት ነው። ሲዩአይኤክስ ብቻውን አይጓዝም፤ በዚያው ስም የተሰየመ ኤምኤንኤል የሚባል ፋይል አጠገቡ ካለ፣ ገጹ ሲጫን በውስጡ ያለው የሊስፕ ፕሮግራም አብሮ ይነሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. በተለይ ፔሩን ያመሰው ሜድሬ የተባለው ትል የተጻፈው በዚሁ በአውቶካድ ሊስፕ ነበር፤ ከስዕል ፋይሎች ጎን እየተለጠፈ ከቢሮ ቢሮ ይዛመትና ድሮዊንጎቹን በኢሜይል ቻይና ወዳሉ አድራሻዎች ይልክ ነበር። «የእገሌ ወርክስፔስ ምርጥ ነው» ብሎ መቀባበል የዚያ ዓይነቱን በር መክፈት ነው።

የ«ይጋራ» መልስ

በፒጂፒው ነገር ልክ ነሽ እህቴ፤ እሱም ሰርቨሩ ላይ ይግባ። ግን ከዚያ ተነስተሽ «ገጹ ምንም አይደለም» ማለትሽ ቅሽምና ነው። ትዕዛዝ እየጻፈ የሚሠራው የቆየው ነው። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ልጅ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺው፤ ለኦፍሴት እንኳ ሪባን ላይ ይወጣል። ለሱ ገጹ ያው ፕሮግራሙ ነው።

ስለ ትሉ ያነሳሽው ደግሞ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ሰው ከቴሌግራም የሚያወርደው ቢሮው ስላልሰጠው ነው። ከአውቶካድ 2014 ጀምሮ ፕሮግራሙ የታመኑ ፎልደሮችን ለይቶ ያውቃል፤ ከነዚያ ውጭ የመጣ ኮድ ሊነሳ ሲል ይጠይቃል። የታመነው ፎልደር የሰርቨሩ ብቻ ከሆነ፣ ፍላሽ ላይ ያለው ምንም ይሁን ምን ሳይጠይቅ አያልፍም። ጥያቄውን ሳያነቡ «እሺ» የሚሉ መኖራቸውን አልክድም፤ ያ ግን የወርክስፔስ ጥፋት አይደለም።

ደግሞ ማን የራስሽን ጣይው አለሽ? ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ያለችው ጥርሳማ ጎማ መሳይ ምልክት ስትነካ ዝርዝሩ ይወጣል። የቢሮው አንድ፣ ያንቺ አንድ። አርክቴክቸር፣ ስትራክቸርና ሳኒታሪ ለየብቻ ይኑራቸው ካልሽም ሦስት ይሁኑ። እኔ የምጠይቀው ማንም ሰው ማንም ማሽን ላይ ተቀምጦ አንዴ ቢጫን የሚያውቀው ገጽ እንዲመጣለት ነው።

የ«አይጋራ» መልስ

ሦስት ከሆነ ሦስቱን ማን ያድሳል? ጋሼ ይህን ሳይመልሱ አለፉ። አውቶካድ በየዓመቱ አዲስ ዕትም ያወጣል፤ አንዳንዱ ትዕዛዝ ቦታው ይቀየራል፣ አዲስ ፓሌት ይጨመራል። ኢንተርፕራይዙን ሠራተኛው መንካት አይችልም ብለዋል፤ እውነት ነው። ስለዚህ አንዲት የጎደለች በተን ለማስጨመር ኃላፊውን መለመን ይመጣል። ኃላፊው ደግሞ ሳይት ናቸው፣ ስብሰባ ናቸው። ሰዉ ለአንድ ሳምንት ይታገስና ወደራሱ ገጽ ይሄዳል፤ የቢሮው በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ብቻ ይቀራል። ኤክሴል ላይ ተሠርተው ማንም የማይከፍታቸውን የቢሮ ፎርሞች ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ስለ አዲሱ ልጅም፦ በሪባን ላይ መንከራተቱን እንዲለምደው ከማመቻቸት ፒጂፒውን አትሞ ማውሱ አጠገብ መለጠፍ ይሻላል። ሌላ ቢሮ ቢሄድ የሚከተለው እሱ ነው እንጂ የጋሼ ቱልባር አይደለም።

በፎርማቱ ጉዳይ ግን ይርቱኝ። የየሰው ሲዩአይኤክስ በየስሙ ሰርቨር ላይ ይገልበጥ፤ በየወሩ መጨረሻ አይቲው ይሰብስበው። ቴምፕሌቱ፣ ሲቲቢው፣ ታይትል ብሎኩና ፒጂፒው በአንድ የሰርቨር ፎልደር ይሁኑ፤ ያ ፎልደር በየማሽኑ የፍለጋ ዝርዝር ላይ ከሁሉ በፊት ይግባ፤ ያኔ የቢሮው ፒጂፒ የየማሽኑን ይቀድመዋል። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጋሼ ፈቃዳቸው ከሆነ መጥቼ አግዛለሁ። ስክሪኔን ግን አልሰጥም።