በጅቡቲ ከተማ ወባን መከላከል ለምን ከውሃ በርሜል ክዳን ይጀምራል?

ጅቡቲ ወባን ከግዛቷ ለማጥፋት ጥቂት የቀራት አገር ነበረች። እአአ በ2012 በመላ አገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ ከ1,600 ተሻገረ። በ2020 ደግሞ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት በዚህች አገር ከ73,000 በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተረጋገጠ።

ይህ የሆነው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በሌለበት፣ ዝናብም በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ በሚጥልበት ምድር ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በዋና ከተማዋ በጅቡቲ ሲሆን፣ የበሽታው ሸክምም በዋናነት ያረፈው በዚያው ላይ ነው። ለዘመናት የገጠርና የቆላ በሽታ ተደርጎ ሲታይ የኖረው ወባ እንዴት የወደብ ከተማ በሽታ ሆነ? የጥያቄው መልስ ከወደቡ ርቆ፣ በየቤቱ ግቢ ከተቀመጠው የውሃ በርሜል ውስጥ ይገኛል። በሽታውን የመከላከሉ ሥራም እንደ መድኃኒቱና እንደ ኬሚካሉ ሁሉ፣ የጤና ባለሙያዎች ከነዋሪው ጋር በሚያደርጉት ንግግር ላይ የተመሠረተ እየሆነ መጥቷል።

ከተማን የመረጠችው ትንኝ

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እአአ በ2012 በጅቡቲ ከተማ ነበር። በ2016 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ታየች። ከዚያ ወዲህም በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በናይጄሪያ፣ በኬንያና በጋና መገኘቷ ተረጋግጧል።

አፍሪካ ከጥንት የምታውቃቸው የወባ ትንኞች በአብዛኛው ኩሬ፣ ረግረግ ወይም ዝናብ ያቆረው ውሃ ይፈልጋሉ። ዝናቡ ሲያበቃም ቁጥራቸው ይመናመናል። ስቴፈንሲ ግን ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በርሜል፣ ከሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ በግንባታ ቦታ የተከማቸ ውሃ፣ ሁሉም ይስማማታል። ውሃ በየቤቱ እስካለ ድረስ በበጋም አትጠፋም።

ይህ ባሕርይዋ የቆዩትን የመከላከያ መንገዶች ጉልበት ቀንሶታል። አጎበር ሰውን የሚጠብቀው በተኛበት ሰዓት ነው፤ ይህች ትንኝ ግን ሰው ገና በግቢው ተቀምጦ ነፋስ በሚቀበልበት ምሽት መንከስ ትጀምራለች። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ ለቤት ርጭት የሚውሉ በርካታ ኬሚካሎችን መቋቋም እንደምትችል አሳይተዋል። አጎበርም ሆነ ርጭት ዛሬም ዋጋ አላቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም።

እአአ በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ ትንኟ በአህጉሪቱ ከተሞች ከተስፋፋች ተጨማሪ 126 ሚሊዮን ሰዎች ለወባ ሊጋለጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 የትንኟን መስፋፋት ለመግታት ያለመ ልዩ ዕቅድ ይፋ አድርጓል።

ከትዕዛዝ ወደ ምክር

ቀደም ሲል ወባን የመከላከሉ ሥራ በአብዛኛው ለነዋሪው የሚሠራለት ነገር ነበር። የርጭት ቡድን መጥቶ ግድግዳውን ይረጫል፤ አጎበር ይታደላል፤ ረግረግ ይደፈናል። አሁን ግን ቤተሰቡ ራሱ በየሳምንቱ ሳያሰልስ የሚፈጽመው ተግባር ያስፈልጋል። ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር እስክትበቃ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ዕቃውን በሳምንት አንድ ጊዜ አሟጦ ውስጡን መፈግፈግና ክፍተት በሌለው ክዳን መክደን ዑደቱን ይሰብረዋል። የተሰነጠቀ ወይም የተንጋደደ ክዳን ግን ለትንኟ እንደ በር ነው።

ተሟጥጦ ሊታጠብ የማይችል ትልቅ ታንክ እጭ የሚገድል መድኃኒት ይጨመርበታል። ለዚህ ሥራ የሚፈቀዱት መድኃኒቶች በተወሰነላቸው መጠን ለመጠጥ ውሃ የማያሰጉ ናቸው። ሆኖም አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ልጆች በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ዱቄት ልጨምር ሲል፣ እናት ብትጠራጠር አያስገርምም። ጥርጣሬዋን የሚፈታው ምን እንደሚጨመር፣ ለምን እንደሚጨመርና ውሃውን መቼ መጠጣት እንደሚቻል በትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው ነው።

የማኅበረሰብ ሕክምና ትዕዛዝንና ምክርን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «በርሜላችሁን ክደኑ» ማለት ትዕዛዝ ነው። ምክር ግን በጥያቄ ይጀምራል፦ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? በርሜሉን በቀን ስንት ጊዜ ትከፍቱታላችሁ? የሚቀዳው ማን ነው? ክዳኑ ለልጅ አይከብድም? መልሱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ መፍትሔውም ይለያያል። አንዱ ቤት ጠንካራ ክዳን፣ ሌላው በገመድ የሚታሰር ወንፊት ጨርቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ያስፈልገው ይሆናል።

የክዳኑ ጥቅም በወባ አይወሰንም። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ትንኝም በእነዚሁ ዕቃዎች ትራባለች፤ ደንጊም ለጅቡቲም ሆነ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። ከዚህ ጋር የሚሰጠው ሌላው አስፈላጊ ምክር የማስታገሻ ጉዳይ ነው። ትኩሳቱ የደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መውሰድ የመድማት አደጋን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ፓራሲታሞልን ይመርጣሉ።

«ወባ የለብህም» ሲባል

ምክር ከቤት ደጅ አልፎ በምርመራ ክፍልም ሕይወት የሚያድንበት ምክንያት አለ። በአፍሪካ በስፋት የሚሠራበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ፈልጎ ያገኛል። በኤርትራና በጅቡቲ ግን ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ ተሕዋስያን ተስፋፍተዋል። እአአ በ2019 እና በ2020 በጅቡቲ ከተሰበሰቡና ከተመረመሩ የፋልሲፓረም ናሙናዎች መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፕሮቲኑን የሚያመነጩት ዘረ መሎች የጎደሏቸው ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው በሌላ እንዲተካ የሚመክረው፣ በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ሕሙማን ከአምስት በመቶ ሲያልፉ ነው።

መፍትሔው ሌላ ዓይነት መመርመሪያ መጠቀም ወይም ደምን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይሁንና የትኛውም ምርመራ ፍጹም አይደለም። «ወባ የለብህም» ተብሎ የተሸኘ ሰው፣ ትኩሳቱ ካልበረደለት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንዲመለስ ካልተነገረው ውጤቱን የመጨረሻ ቃል አድርጎ ይወስደዋል። ፋልሲፓረም ሳይታከም ከቆየ በቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ወባና ወደ ሞት ሊያደርስ ይችላል። «ካልተሻለህ ተመለስ» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር፣ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው አካል ነው።

ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ሌላ ፈተና አለው። ተሕዋሱ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ከጉበት የሚያጸዳው ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት በተለምዶ ለ14 ቀናት ይወሰዳል። ሕመምተኛው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሻለዋል። ስለተሻለው ያቋርጣል፤ ያገረሽበታል፤ በደሙ ያለውን ተሕዋስ ትንኟ ለጎረቤቱ ታደርሳለች። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም፤ የተወሰነ የኢንዛይም እጥረት ላለባቸው ሰዎችም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ወረፋ በበዛበት ጤና ጣቢያ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ጊዜ ነው።

ክዳኑም ውሃውን ይጠብቃል

ምክር የራሱ ወሰን አለው። ጅቡቲ ከተማ ለረጅም ጊዜ የኖረችው ጨዋማነቱ እየጨመረ በመጣ የጉድጓድ ውሃ ነው። እጥረቱን ለማቃለል ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ሃዳጋላ ከተባለው ስፍራ፣ ውሃ የሚያመጣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መስመር ተዘርግቷል። በዶራሌ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የባሕር ውሃን ጨው የሚያስወግድ ፋብሪካ ተገንብቷል። እንደ ባልባላ ባሉ በፍጥነት በሰፉና ድሃው በሚበዛባቸው ሰፈሮች ግን ቧንቧው ሁሉንም ቤት አያዳርስም።

ውሃ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ቤተሰብ ውሃ ቢያጠራቅም ጥፋተኛ አይደለም። ቀጣዩን ውሃ መቼ እንደምታገኝ እርግጠኛ ያልሆነችን እናት «የቀረውን ድፊና በርሜሉን ፈግፍጊ» ማለት፣ ምክሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሊፈጸም የማይችል ያደርገዋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች በየቤቱ የሚሰሙት መልስ ለውሃ አቅራቢው መሥሪያ ቤት ካልደረሰ፣ የወባው ኃላፊነት በሙሉ በሴቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ትንኟ ከጥንት በምትታወቅበት ሕንድ፣ የሙምባይ ከተማ አስተዳደር የሕንፃ ባለቤቶች የጣሪያ ታንኮቻቸውን ትንኝ እንዳይገባ አድርገው እንዲከድኑ የሚያስገድድ የቆየ ደንብ አለው። ይህም በአቅም ለተራራቁት ለተከራዩና ለአከራዩ ኃላፊነትን ያካፍላል።

አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችም ከንግግር አያመልጡም። በግንቦት 2024 በጅቡቲ አምቡሊ ሰፈር በዘረ መል ምሕንድስና የተለወጡ ወንድ ትንኞች ተለቀዋል። ወንድ ትንኞች ሰው አይነክሱም። የተለቀቁት ከዱር ሴቶች ጋር ሲራቡ ሴት ልጆቻቸው ለመብረር ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ በዚህም ቁጥራቸው እንዲቀንስ ታስቧል። ነገር ግን በትንኝ ለተማረረ ሰፈር ተጨማሪ ትንኝ እንደሚለቀቅ መንገር ራሱ ሰፊ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከባቡሩ መስመር ማዶ

የጅቡቲ ልምድ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በባቡርና በአውራ ጎዳና ከወደቡ ጋር በተሳሰረችው ድሬዳዋ፣ እአአ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ቁጥር 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ 2,425 ሆነ። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ባካሄዱት ጥናት፣ ወረርሽኙ በደረቁ ወቅት የተነሣው ከአኖፌለስ ስቴፈንሲ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ደርሰውበታል።

ኢትዮጵያ እአአ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚመች መሠረት ነው። በገጠር ቀበሌዎች ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቦ ቤት ለቤት ምክር የሚሰጠው ይህ አሠራር፣ በኋላ ወደ ከተሞችም ተዘርግቷል። የከተማ ቤት ግን ቀን ቀን ተዘግቶ የሚውል፣ ታንኩም ጣሪያ ላይ የሚወጣ በመሆኑ የገጠሩ አሠራር እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

በጅቡቲም ተጨማሪ ውስብስብነት አለ። በጤና ተቋማቱ ወረቀት የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ በየቤቱ የሚነገረው ሶማልኛና አፋርኛ ነው፤ ዐረብኛም አለ። በፒኬ 12 የሚያርፉ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችና ወደ ኦቦክ የሚጓዙ ስደተኞች ደግሞ ብዙዎቹ አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራሉ። እአአ በ2014 የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የጤና መድን እና ስደተኞች የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ የፈቀደው የ2017 ሕግ በሩን ከፍተዋል። የሚነገረውን ያልተረዳ ሕመምተኛ ግን በተከፈተው በር ገብቶ፣ ትኩሳቱ ካልበረደለት መመለስ እንዳለበት ሳያውቅ ሊወጣ ይችላል።

የጤና ሥርዓቶች የታደለውን አጎበርና የተረጨውን ቤት ይቆጥራሉ። ምክር ግን እምብዛም አይቆጠርም፤ በጀትም ሲቀነስ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በጅቡቲ ከተማ ልኬቱ ግልጽ ሊሆን ይችላል፦ ባለሙያዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ስንት በርሜሎች ተከድነው አገኘች? ስንቶቹስ እጭ የለባቸውም? ያልተከደኑትን ስታገኝ፣ ምክንያቱ የክዳን እጦት ነው፣ የውሃ መጥፋት ነው ወይስ ያልተፈታ ጥርጣሬ? ለእያንዳንዱ መልስ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የተለያየ ነው፤ ጥያቄውን መጠየቅ የሚችለው ግን በሩን ያንኳኳው ሰው ብቻ ነው።